ጉበቱ የሞተ ሰው

ጋምቤላ ሰው የሚተዋወቀው ጥላ ሥር ነው። ፀሐዩ ደጅ አያስቆምምና ሹሙም፣ ነጋዴውም፣ ዓሣ አጥማጁም ቀትር ላይ ከባሮ ዳር ካሉት ማንጎዎች ሥር ይገናኛል፤ እዚያ ያልታየ ሰው ከተማው ውስጥ አለ አይባልም። ወለላ ከመጣች አምስተኛ ወሯን ይዛለች። እስካሁን ማንጎ ሥር ያያት የለም።

የምትኖረው ከነጋዴው ከሙሄ ሱቅ ጀርባ በተከራየችው ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ባሏ ረታ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው፤ ኢታንግ ተመድቦ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በጭነት መኪና ይመጣል፣ ሰኞ ማለዳ ይመለሳል። እዚህ የምትውለው ከልጇ ከእሙዬ ጋር ብቻ ነው። እሙዬ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ የካቶሊክ አባቶቹ ትምህርት ቤት።

የዚህ ቤተሰብ ነገር ሁሉ ያረፈው በዚያ ትምህርት ቤት ላይ ነበር። ረታ ማንም የማይፈልገውን ኢታንግን እሺ ብሎ የወረደው፣ ወለላም ደጋውን ትታ እዚህ ሙቀት ውስጥ የገባችው፣ ልጅቷ ከእናቷ ቤት እየወጣች እየገባች ሁለተኛ ደረጃ እንድትማር ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ከስምንተኛ አያልፍም። አባቶቹ ካልተቀበሏት ጎሬ ወይም ጅማ ልካ፣ ቤት ተከራይታላት፣ ስንቅ ቋጥራላት ማስተማር ሊኖርባት ነው። ወለላ ደግሞ አንድ ጊዜ እንዲያ አድርጋለች።

የበኩር ልጇ አሸብር ይባል ነበር። ከጮራ ጅማ ለትምህርት የላከችው በአሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ በተከራየው ክፍል ውስጥ በተስቦ ሞተ። መልእክቱ ጮራ እስኪደርስ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ረታ በበቅሎም በመኪናም ብሎ ሲደርስ ያገኘው የተደለደለ አፈርና የልጁን ደብተሮች ነው። ይኸው ሁለት ዓመቱ።

ያኔ ጮራ ላይ የተለቀሰው ለቅሶ አርባ ቀን ሙሉ አላባራም። የደረሰ ሁሉ ከደጅ ጀምሮ ይጮሃል፤ ወለላ አብራ ትነሳለች፤ ጋብ ሲል ሌላው ይመጣል። በአርባኛው ቀን አንድ ነገር በውስጧ ጠቅ ብሎ ቆመ፣ እንደ ሰዓት። ከዚያ ወዲህ አላለቀሰችም። እጇ ይሠራል፣ እግሯ ይሄዳል፣ አፏ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ እሷ ግን የለችበትም። ወጡ ላይ ጨው ሁለቴ ትጨምራለች፤ እሙዬም ሳትናገር ትበላዋለች።

ወደ ጋምቤላ ሲወርዱ ወለላ ባሏን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ለማንም አንናገር» አለችው። «ከተናገርን ለቅሶ ይደርሱናል። እንደገና ያ ሁሉ ሰው ሲገባ ሲወጣ... አልችልም ረታ።»

«ሆድ ይፍጀው» አላት ረታ።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት የአሸብር ስም አልተጠራም። ስሙ እንዳያመልጥ ሲሉ ሰው ማስገባት ተዉ፤ ሰው ላለማስገባት ሲሉ ሰው ቤት መሄድ ተዉ። የማኅበር ሴቶች ገና በመስከረም መጥተው ጠርተዋት ነበር፤ «አሞኛል» ብላ መለሰቻቸው። ሁለተኛ ጠሩ፣ ሁለተኛ አመማት። ሦስተኛ አልጠሯትም። ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ከቅዳሴው መጀመሪያ በፊት ደርሳ፣ ግድግዳ ጥግ ቆማ፣ ሰላምታ ሳይጀመር ትወጣለች። «ኩሩ ናት» አሉ አንዳንዶቹ። «ልጇን ካቶሊክ ልታደርግ ነው የምታፍረን» አሉ ሌሎቹ።

ደጇን ሳትጠራ የምትመጣ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ አጅዋንግ የምትባል አኙዋክ፣ ዓሣ ሻጭ። ማክሰኞና ሐሙስ ማለዳ ሳፋዋን በራሷ ተሸክማ ትመጣለች።

«አንተ! ዓሣ መጣ!» ብላ ስትጠራ፣ በመጀመሪያው ቀን ወለላ ወንድ ከኋላዋ የቆመ መስሏት ዞራ ነበር። አጅዋንግ አማርኛዋን የለቀመችው ከገበያ ነው፤ ለእሷ ሹሙም አንተ፣ ቄሱም አንተ፣ ወለላም አንተ ናት።

«ዓሣ ማጽዳት አልችልም» አለቻት ወለላ የዚያን ዕለት።

«አውቃል። ደጋ ሰው ዓሣ ይፈራል። አንተ ቁጭ በል፣ እኔ ያጸዳል።»

ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ቅርፊቱን በቢላዋ ትፍቃለች፤ ወለላ በርጩማ ላይ ሆና ታያለች። የአጅዋንግ ልጅ ኦሞት አባቶቹ ዘንድ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ከገቡት ልጆች አንዱ ነበርና አጅዋንግ እዚያ ነባር ወላጅ ናት። አንድ ሐሙስ እየሳቀች መጣች።

«ዛሬ ጉበቴ ጣፋጭ ነው!»

«ጉበቱን አልፈልግም» አለች ወለላ። «ሥጋውን ብቻ አድርጊልኝ።»

አጅዋንግ ቢላዋዋን ጥላ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «የዓሣ አይደለም! የኔ! የኔ ጉበት!» አለችና ከጡቷ ሥር ጎኗን መታ መታ አደረገች። «ኦሞት ፈተና አንደኛ ወጣ! ጉበቴ ጣፋጭ ነው!»

ወለላ ገባት። እኛ ሆድ የምንለውን እነሱ ጉበት ይሉታል፤ የኛ ሆድ ሲባባ የእነሱ ጉበት ይመራል፣ የኛ ደስ ሲለው የእነሱ ይጣፍጣል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቃት ነበር። «እንኳን ደስ አለሽ» አለች፤ ቃሉ ከአፏ እንደ ደረቅ ቅጠል ወደቀ።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት የዋለው ማክሰኞ ነበር። እሙዬ ትምህርት ቤት ሄዳለች፤ አጅዋንግ እንደ ልማዷ ቅርፊት ትፍቃለች። ወለላ ለምን እንደጀመረችው አታውቅም። አፏ በራሱ ተከፈተ። ጅማን አወራች፣ ክፍሉን አወራች፣ ቋጥራ የሰጠችውን የስንቅ አገልግል፣ ዘጠኙን ቀን፣ የተደለደለውን አፈር። አላለቀሰችም፤ ስለ ሌላ ሰው ልጅ እንደምታወራ ሁሉ ድምፅዋ አንድ ዓይነት ነበር። ይህች ሴት ከዓሣና ከብር ያለፈ አማርኛ የላትም፣ ለግድግዳ እንደ መናገር ነው ብላ ነው ያልሰጋችው። አጅዋንግም ቀና ብላ አላየቻትም። ቅርፊቱን ፍቃ ጨረሰች፣ እጇን ታጠበች፣ ሳፋዋን ተሸክማ ወጣች። ምኑም አልገባትም አለች ወለላ በልቧ፤ እፎይም አላለች፣ አልከፋትምም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጥር ገባ።

ትምህርት ቤቱ አንድ ደንብ ነበረው። አዲስ የመጣ ቤተሰብ ልጁን በመስከረም ያስገባል፤ ቦታው የሚጸናለት ግን በጥር፣ በወላጆች ጉባኤ ላይ፣ ከነባሮቹ አንዱ ተነስቶ «እናውቃቸዋለን» ሲልለት ነው። ደንቡ ከክፋት የመጣ አይደለም። ጋምቤላ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ዓይኑ መውጫው ላይ ነው፤ ሹሙ ዝውውር ይጠይቃል፣ ነጋዴው ክረምት ሲገባ ይሰደዳል፣ ልጁም በዓመቱ አጋማሽ ይጠፋል። ወንበሩ ደግሞ ጥቂት ነው፤ ባዶ በቀረው ወንበር ፈንታ ደጅ የቀረ የከተማው ልጅ አለ። ስለዚህ ሰው ይቁምላችሁ ተባለ።

ከጉባኤው ሁለት ቀን በፊት የሙሄ ሚስት ከይሪያ በአጥሩ ላይ አንገቷን አወጣች።

«ወለላ! ኧረ ወለላ! በሕይወት አለሽ ወይስ አጥሩን ነው የማናግረው?»

«አለሁ እትዬ ከይሪያ።»

«ቅዳሜ ጉባኤ ነው። ማን ነው የሚቆምላችሁ?»

«እንጃ።»

«እንጃ! ልጇን ባለቤት የሌላት የወንዝ ዳር ጠጠር አደረገቻት እኮ! የማኅበር ሰዎችሽስ?»

ወለላ በያዘችው ወንፊት ዱቄቷን መንፋት ቀጠለች።

«እኔ እቆምልሽ ነበር፤ ግን ሊቀ መንበሩ አቶ ወልደሥላሴ የሴት ድምፅ ሲሰማ ጆሮው ውሃ ይገባበታል። ሙሄ ይቆማል። የኔ ጦይባና ያንቺ እሙዬ ካንድ ወንበር አይደል የሚቀመጡት? ይቆማል፤ እኔ እነግረዋለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ቆይ፣ የሚናገረው ስጪው እንጂ። ሙሄን ታውቂው የለ፣ ያልሰማውን አይናገርም፤ ጨርቅ ሲለካ እንኳ እንዳያጎድል ብሎ የጣቱን ውፍረት ይመርቃል። ከየት ናችሁ? ዘመድ የት አላችሁ? ስንት ወልደሻል?»

ወለላ እጇ ላይ ያለውን ወንፊት አየችው። «ከጮራ ነን» አለች። «እሙዬ አለችኝ።»

ይህ ሐሰት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። ከይሪያ ከዚህ ሌላ መልስ ስታጣ አንገቷን ከአጥሩ መለሰች።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። የጣሪያው ቆርቆሮ ገና በሦስት ሰዓት በፀሐይ መጮህ ጀምሯል። ፊት ለፊት የትምህርት ቤቱ አለቃ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ፋዘር ይላቸዋል፤ ነጭ ጢማቸው እስከ ደረታቸው የወረደ ፈረንጅ ናቸው፣ አማርኛን ከመጽሐፍ የተማሩ። በቀኛቸው የወላጆች ሊቀ መንበር አቶ ወልደሥላሴ መዝገቡን ዘርግቷል፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፣ በዚያ ሙቀት ኮቱን የማያወልቅ። ረታ ከኢታንግ ገና አልደረሰም፤ መኪናው የሚገባው ከሰዓት ነው። ልጆቹ ደጅ በረንዳው ላይ ናቸው።

በመጀመሪያ ከሐረር የመጣ የፖሊስ ቤተሰብ ተጠራ። ቀና ብለው ሳያበቁ ሦስት ሰው ተነሳ፤ «እናውቃቸዋለን!» ቀጥሎ የእኅቱን ልጅ ይዞ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ የመጣ አንድ ረዥም ሰው ተጠራ። ሁለት አኙዋኮች ተነሱ፤ «ይሄ የኛ ነው፣ አያቱን እናውቃል» አሉ። ተጻፈ።

«የአቶ ረታ ቤተሰብ» አለ አቶ ወልደሥላሴ።

ፋዘር ከመነጽራቸው በላይ አዩ። «ይህችን ቤተሰብ የሚያውቃት ማን ነው?»

ሙሄ ተነሳ። ቆቡን አስተካከለ። «ጎረቤቶቼ ናቸው» አለ። «ኪራያቸውን በቀኑ ይከፍላሉ። አይጮሁም።»

«ይህማ ደግ ነው፣ አቶ ሙሄ» አለ ወልደሥላሴ። «ቤታቸው ገብተህ ታውቃለህ?»

«አልገባሁም።»

«እነሱስ አንተ ቤት?»

ሙሄ ወደ ሚስቱ አየ፤ ከይሪያ በዓይኗ በል፣ በል ትለዋለች። ሙሄ ግን ያልለካውን አይሸጥም። «አልገቡም» አለ። «እውነቱን ለመናገር፣ አምስት ወር ሙሉ ከዚያ ቤት ሳቅም ጠብም ሰምቼ አላውቅም። ሰው ናቸው። ከዚህ ሌላ ምን ልበል?»

«እንዲህ ከሆነ አላወቅሃቸውም ወንድሜ። ተቀመጥ።» ወልደሥላሴ ብዕሩን አስቀመጠ። «እኔ ክፋት የለኝም፤ ሴትዮይቱ ያገሬ ሰው ናት፣ ክርስቲያን ናት። ግን ባለፈው ዓመት በጥር ሦስት ወንበር ባዶ ቀርቶብናል። እንዲህ በራቸውን ዘግተው የሚኖሩ ወይ ሊሄዱ ነው፣ ወይ የሸሹት ነገር አለ። የሚያውቅ ካለ ይናገር፤ ከሌለ—»

«እኔ አውቃል!»

ከኋላ ነበር። አጅዋንግ ተነስታለች፤ ሰማያዊ ዶቃዋ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል፤ የዓሣውን ሳፋ ከወንበሩ ሥር ትታዋለች።

«አንተ ወልደሥላሴ፣ ጻፍ! እኔ እሱን አውቃል!» ሰው ሳቅ አለ፤ «አንተ ወልደሥላሴ» ብሎ የሚጠራው በከተማው ከእሷ በቀር የለም። አጅዋንግ ሳቁን አላየችውም። እጇን ወደ ወለላ ዘረጋች። «ይሄ ሰው ጉበቱ ሞቷል።»

ሳቁ ቆመ።

«ከመጣ ጀምሮ ጉበቱ ሞቷል። ባሉም ጉበቱ ሞቷል። ትንሹ ሴት ልጅም ጉበቱ ሞቷል። ሁሉም ቤት! ስለዚህ በር ይዘጋል!»

አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ።

«የወፍ በሽታ ነው!» አለች አንዲት ሴት።

«ይኸዋ! ለካ ለዚህ ነው ሰው የማያስገቡት!»

«ባሏ ድሬሰር አይደል? ከበሽተኛ አምጥቶ ነው።»

«ዓይኗን እዩት፣ ቢጫ ነው!»

«ቢጫው ይቅርና ልጄ ከልጇ ጋር ባንድ ጣሳ ነው ውሃ የምትጠጣው! ኧረ ጌታዬ!»

ከወለላ አጠገብ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ዳር ሸሹ። ፋዘር ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። «እኅታችን፣ የጉበት ደዌ አለባችሁን?» ብለው ጠየቁ፣ በርኅራኄ፣ እንደ መጽሐፉ።

አጅዋንግ ግራ ገብቷት የሰዉን ፊት ሁሉ ታያለች። የሆነ ነገር መበላሸቱ ገብቷታል፤ ምኑ እንደሆነ ግን አልገባትም። ሌላ ቃል ፈለገች፤ የላትም። «ጉበት» አለች እንደገና፣ ቀስ ብላ፣ ጎኗን እየነካች። «ጉበት...»

አቶ ወልደሥላሴ መዝገቡን ሊከድነው አነሳ። «እንግዲህ ይህ የጤና ነገር ነው፤ ከእኛ ያለፈ ነው። ልጅቷ ከሰኞ ጀምሮ ቤቷ ትቆይ። ምርመራዋ እስኪታወቅ ወንበሯን ለሌላ እንሰጣለን። ያስከፋ እንደሆነ ይቅርታ።»

ወለላ ይህን ሁሉ ከወንዝ ማዶ እንደሚነገር ሰማችው። አልተቆጣችም፣ አልፈራችም። ነገሩ ግን ወለል ብሎ ታያት፤ ልብ ሲደነዝዝ አንዳንዴ ዓይን ይጠራል። ዝም ካለች በሚቀጥለው ሳምንት እሙዬን ወደ ጅማ መኪና ላይ ታሳፍራለች፤ አገልግሉን ትቋጥራለች፤ መልእክት ዘጠኝ ቀን ይፈጃል። ከተናገረች ደግሞ ይደርሷታል። ይህ አዳራሽ እንዳለ ቤቷ ይገባል። ሁለት ዓመት የሸሸችው፣ ጮራን የጣለችለት ነገር ከሰዓት በኋላ ደጇ ላይ ይቆማል። ጌታ ሆይ አለች በልቧ፤ ከዚያ የሚቀጥለውን ጸሎት አጣችው። ጉልበቷ ግን ተነሳ።

«በሽታ አይደለም» አለች።

ድምፅዋን ሰምቶት የሚያውቅ ስለሌለ ማን እንደተናገረ ሰው ዞሮ ፈለገ።

«በሽታ አይደለም። እኛ ሆዷ ቆሰለ የምንለውን ነው እሷ ጉበቱ ሞተ የምትለው። አልተሳሳተችም። ልጅ ነበረኝ። ከእሙዬ በላይ። አሸብር ይባላል። ለትምህርት ጅማ ላክሁት፤ እዚያ ሞተ። ተቀብሮ ነው የደረስንበት። ሁለት ዓመቱ ነው። ለቅሶውን ዳግመኛ መቀመጥ አቅቶኝ ለማንም አልተናገርኩም። ለዚህችው ሴት ብቻ ነው የነገርኳት፤ የምትሰማኝ አልመሰለኝም ነበር።»

ይህን ብላ ተቀመጠች።

ከይሪያ ደረቷን መታች። «ወይኔ! ወይኔ! አጥር ለአጥር ሆነን! ስንት ወልደሻል ብዬ ጠየቅኋት እኮ! ያ አላህ!» የሸሹት ሁለት ሴቶች ተመልሰው ተጠጓት፤ አንደኛዋ ሳታስበው የወለላን እጅ ይዛለች። ወንዶቹ አንድ በአንድ ተነሱ፣ ባርኔጣ ያለው አወለቀ። ፋዘር አማተቡ፤ ያገሬው ሰውም አማተበ፤ በዚያች ደቂቃ የማን ማማተብ ከየት ወደ የት እንደሄደ ያየ የለም።

«ስንት ዓመቱ ነበር?» አለ አቶ ወልደሥላሴ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አሥራ ሰባት።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ እኅቴ።» መዝገቡን መልሶ ዘረጋው፤ ብዕሩን አነሳ፤ ጻፈ። ማን እንደሚያውቃቸው ሁለተኛ አልጠየቀም። መዝገቡን ከከደነ በኋላ ግን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣ «ከሰዓት በኋላ እንደርሳለን» አለ።

ወለላ የልጇ ወንበር እንደተገኘ በዚህ ቃል አወቀች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስታው የሚቀመጥበትን ቦታ ፈልጋ አጣችው።

ስምንት ሰዓት ሳይሆን ደጇ ሞላ። ሙሄ ከሱቁ ሸራ አምጥቶ ወጠረ። ከትምህርት ቤቱ አግዳሚዎች በልጆቹ ሸክም መጡ። የማኅበር ሴቶች የጥሪውን መቅረት ረስተው ንፍሮ ይዘው ገቡ፤ ንፍሮ እስላምና ክርስቲያን አይለይምና የሙሄ ዘመዶችም ከዚያው ዘገኑ። አጅዋንግ ከአምስት ሴቶች ጋር መጣች፤ ገና ከመንገዱ ጀምረው በራሳቸው ዜማ፣ እየተቀባበሉ አለቀሱ፤ የደጋ ሴቶቹ ዜማውን አያውቁትም፣ ግን ሲሰሙት ዝም አሉለት። እሙዬና ጦይባ ውሃ ያዞራሉ። አንዲት የክፍሏ ልጅ «ስሙ ማን ነበር?» ስትላት፣ እሙዬ «አሸብር» አለች፤ ጮክ ብላ፤ ደግማም «አሸብር ረታ» አለች፣ ስም ጠሪ አስተማሪ ፊት እንደ ቆመች። ከዚያ ማሰሮውን ለጦይባ ትታ ቤት ውስጥ ገብታ አለቀሰች።

ወለላ ግን ምንጣፉ ላይ ቁጭ እንዳለች ናት። ሴቶቹ የእሷን ለቅሶ ይጠብቃሉ፤ እሷ ስትነሳ ሊነሱ፣ እሷ ስትጮህ ሊጮሁ። አልመጣላትም። እንግዳ ጠርቶ ጓዳው ባዶ እንደሆነበት ሰው አፈረች።

«ደርቃለች» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«አልቅሺ እንጂ የኔ እናት፤ እንባ ይቀላል» አለቻት ሌላይቱ።

«ተይዋት!» አለች ከይሪያ። «በግድ ነው እንዴ? ሲመጣ ይመጣል። አንቺው አልቅሺላት፣ እንባሽ ከተረፈ።»

አንዲት አሮጊት ሳቋን በነጠላዋ ደበቀች። ወለላም ይህን ሰማች፤ ከንፈሯ ትንሽ ፈታ አለ፤ ምን እንደሆነ ራሷም አላወቀችውም።

አሥር ሰዓት ሲሆን የኢታንግ መኪና አቧራውን አንስቶ ከመንገዱ ራስ ቆመ። ወለላ በሰዉ መካከል ታየዋለች። ረታ ከላይ ዘለለ፤ የመድኃኒት ቦርሳውን ተቀበለ፤ ወደ ቤቱ ዞረ። ሸራውን አየ። ደጃፉ ላይ የተኮለኮለውን ጫማ አየ። በአምስት ወር ውስጥ ሰው ገብቶበት የማያውቅ ደጅ ነው። ቦርሳው ከእጁ ወደቀ፤ ሁለት እጁ ራሱ ላይ ወጣ። ወለላ «ደህና ነን» ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ እሙዬ ግን ቀደመቻት።

ሮጣ ደረሰችለት።

«ማን ነው?» አለ ረታ። «እናትሽ ናት? በይ ተናገሪ!»

«እማዬ ደህና ናት።»

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«አዲስ የሞተ የለም አባዬ» አለች እሙዬ፣ ፊቷ እንባ በእንባ ሆኖ። «ትምህርት ቤቱ ተቀበለኝ።»

ረታ ልጁን አያት። ሸራውን አየው፣ አግዳሚውን፣ ንፍሮውን፣ በአንድ ሸራ ሥር የተቀመጡትን ሙሄንና አቶ ወልደሥላሴን። ቀስ ብሎ ገባው፤ እየገባው ሲሄድ ትከሻው ወረደ። አቶ ወልደሥላሴ ተነስቶ ቦታ ለቀቀለት። «አልሰማንም ነበር አቶ ረታ» አለው። «ይቅር በለን።»

ረታ ተቀመጠ። ብቻውን ጅማ ወርዶ ብቻውን የተመለሰው ሰው፣ ደብተሮቹን በእጁ ይዞ ሳያለቅስ ሚስቱን ያጽናና ሰው፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድምፁን በመጀመሪያ ያፈነው መሰለ፤ ከዚያ ተወው። ወንዶቹ አብረው አለቀሱ። አንዳቸውም ልጁን አይተውት አያውቁም።

ወለላ ተነሳች። ለቅሶ ላይ ሴት ከሴቶች ምንጣፍ ተነስታ ወደ ወንዶቹ አግዳሚ አትሻገርም፤ እሷ ግን ተሻገረች፤ ሰዉም እግሩን እየሰበሰበ አሳለፋት። ባሏ እግር አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ደረቅ ነው። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

ብዙ ቆይቶ ባርኔጣውን ከፊቱ አነሳ። «ምን ብለሽ ነገርሻቸው?» አላት፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«እንደሆነው» አለችው።